አዲስ የሚነሡ የሙዚቃ ባንዶች የሚያገኙት ዝና ይገባቸዋልን?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ርዕስ እንድመርጥ በተጠየቅሁ ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅም፥ ሌሎቹም ስለ ጊዜ አጠቃቀም እንድናገር መክረውኝ ነበር። ስለ እነዚህ ነገሮች ግን ከእኔ ይልቅ መምህራኖቻችን አብልጠው ያውቃሉ። እኔ በራሴ ላይ ደርሶ ያየሁትን ብናገር ይሻላል ብዬ፥ በዕረፍት ሰዓት ከዛፍ ሥር ተቀምጠን ዘወትር የምንከራከርበትን ነገር መረጥሁ። ይኸውም፥ አዲስ የሚነሡ የሙዚቃ ባንዶች የሚያገኙት ዝና በእውነት ይገባቸዋልን? የሚለው ጥያቄ ነው።

ነገሩ የጨዋታ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በገበያ ቀን በአርብ ገበያ ከተማችን መንገድ ያለፈ ሰው ሁሉ የምለውን ያውቀዋል። በስልክ ላይ ዘፈን የሚጭኑት ልጆች ድምፅ ማጉያቸውን ወደ መንገድ አዙረው፥ ትናንት ስሙ ያልተሰማውን ባንድ ዛሬ ከጧት እስከ ማታ ያስጮኹታል። አንዱ ተማሪ ሌላውን፥ «አዲሱን ባንድ ሰማኸው ወይ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ያም፥ «አልሰማሁትም፤ ነገር ግን በጣም ጥሩ ነው አሉ» ብሎ ይመልሳል። ያልሰማ ሰው ምስክር ሲሆን ያየሁት በሙዚቃ ነገር ብቻ ነው። በዳኛ ፊት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለው ምስክር ወዲያው በተባረረ ነበር።

እንግዲህ ፍርዳችን የተስተካከለ እንዲሆን በመጀመሪያ ለአዲሶቹ እንከራከርላቸው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

በድሮ ጊዜ በአገራችን ባንድ የሚባለው ከሞላ ጎደል የመንግሥት ነበር። በ1924 ራስ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፥ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት፥ በትንፋሽ መሣሪያ ስመ ጥር ሆኑ። ከዚያ በኋላ ክቡር ዘበኛም፥ ጦር ሠራዊትም፥ ፖሊስ ሠራዊትም፥ በ1955 የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም የየራሳቸው ተጫዋቾች ነበሯቸው። ተጫዋቹ ደመወዝተኛ ነበር፤ ኖታ ይማራል፥ ይለማመዳል፥ ከአለቃው ፈቃድ ሳያገኝ ግን መድረክ ላይ አይወጣም። ሸክላ የማሳተም መብትም ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር።

በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል አንድ ሸክላ ነጋዴ ወጣት ይህን ወሰን ተሻግሮ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በራሱ ገንዘብ በሸክላ አሳተመ። ከአገር እስከ ወጣበት እስከ 1975 ድረስ መቶ ያህል ሸክላ እንዳወጣ ይነገራል። ዛሬ አባቶቻችን እንባ እየተናነቃቸው የሚሰሙት የዚያ ዘመን ሙዚቃ፥ ያን ጊዜ የወጣቶች ጩኸት ይባል ነበር። እንግዲህ ሰው ሁሉ «አዲስ ነውና አልሰማውም» ብሎ ጆሮውን ቢደፍን ኖሮ፥ አሮጌ ብለን የምንወደውም ዘፈን ባልኖረ ነበር። ስለዚህ አዲስ ባንድ መሰማት ይገባዋል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ዳሩ ግን መሰማት ሌላ ነው፥ መደነቅ ሌላ ነው። ይህን ለማስረዳት ሁለት ባንዶችን ላነጻጽር።

የመጀመሪያው ዋልያስ ባንድ ነው። ዋልያስ በአዲስ አበባ በሒልተን ሆቴል የሚጫወት፥ በራሱ የቆመ ባንድ ነበር። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ በታወጀ ጊዜ፥ አድማጩ ከመንፈቀ ሌሊት በኋላ ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል፥ ተጫዋቾቹ እስከ ንጋት ድረስ ይጫወቱ ነበር። እነዚህ ሰዎች በ1981 ወደ አሜሪካ ሄደው ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ከቀሩትም አንዱ ኦርጋንና አኮርዲዮን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ነበር። በ1985 ብቻውን አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ጋር አዋሕዶ አንድ ካሴት ቀረጸ። ከዚያም መድረኩን ትቶ በዋሽንግተን ታክሲ ነጂ ሆነ። ለብዙ ዓመታት ጋዜጣ አልጻፈለትም፥ የውጭ አገር አድማጭም ስሙን አያውቀውም ነበር። እርሱ ግን ኪቦርዱን በታክሲው የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ይዞ እየዞረ፥ በአውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ጊዜ መኪናው ውስጥ ሆኖ ይለማመድ ነበር።

በኋላ አሜሪካዊው ካሴት ሰብሳቢ ብራያን ሺምኮቪትዝ ያን ካሴት ከዚሁ ከባሕር ዳር ከተማ አገኘው። በ2013 እንደ ገና ባሳተመው ጊዜ የውጭ ጋዜጦች ሁሉ ስለ ኃይሉ መርጊያ ጻፉ፤ እርሱም ታክሲውን ይነዳ የነበረው ሰው በአውሮፓና በአሜሪካ መድረክ ላይ ወጣ። በ2018ም «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ አልበሙን አወጣ። አሁን እጠይቃችኋለሁ፤ ካሴቱ በ1985 ከነበረው በ2013 ምን ተጨመረበት? ምንም አልተጨመረበትም። የተለወጠው የሰው ጆሮ ነው። እንግዲህ ዝና የሙዚቃ ሚዛን አይደለም ማለት ነው፤ ዝና ባልነበረበት ጊዜ ሙዚቃው ነበርና።

ሁለተኛው ጃኖ ባንድ ነው። ይህ ባንድ በ2012 «ኤርታሌ» የተባለውን የመጀመሪያ አልበሙን ባወጣ ጊዜ ብዙ ተወርቶለታል። ከፍ ያለ የጊታር ድምፅ ከአገራችን ቅኝት ጋር አዋሕዶ፥ ወንዶችና ሴቶች ድምፃውያንን በአንድነት አቁሞ፥ ስሙንም ከአገር ልብሳችን ወስዶ ተነሣ። አልበሙን ያዘጋጀው ከታላላቅ የውጭ አገር ሙዚቀኞች ጋር የሠራው ቢል ላስዌል ነበር። ታዲያ ያን ጊዜ ብዙ ሰው የተናገረው ስለ ዘፈኑ አልነበረም፤ «ከኢትዮጵያ የሮክ ባንድ ተነሣ» እየተባለ ስለ መነሣቱ ነበር እንጂ። እኔ ጃኖን እወደዋለሁ። ትዝታንና አንቺሆዬን በኤሌክትሪክ ጊታር ለማስጮኽ መድፈር ቀላል ሥራ አይደለም፤ ድምፃውያኑም በመድረክ ላይ ቆመው የሚችሉ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ሙገሳው ከዘፈኑ ቀድሞ ከቤታችን የገባ እንደሆነ፥ ዘፈኑ ሲመጣ መቀመጫ አያገኝም። ጠላቱም ወዳጁም ሙገሳውን እየሰማ ይከራከራል፤ ዘፈኑን የሚሰማው ጥቂት ነው። ስለዚህ ከመጠን ያለፈ ጩኸት ጥሩውንም ባንድ ይጎዳዋል እላለሁ።

ዝና ቀድሞ መጥቶ ሥራው በኋላ የተከተለበት ጊዜ የለም ወይ? የሚል ሰው ቢኖር፥ አለ ብዬ እመልሳለሁ። በ1966 በአሜሪካ አገር ለቴሌቪዥን ጨዋታ ሲባል አራት ወጣቶች ተመርጠው ሞንኪስ የተባለ ባንድ ሆኑ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት አልበሞቻቸው ላይ መሣሪያውን የመቱት በአመዛኙ ሌሎች ቅጥር ተጫዋቾች ነበሩ፤ የገነነው ግን የአራቱ ስም ነው። ወጣቶቹ በዚህ አፍረው፥ «እኛው ራሳችን እንጫወት» ብለው ከአሠሪዎቻቸው ጋር ተሟገቱ። በ1967 በወጣው በሦስተኛው አልበማቸውም ራሳቸው ተጫወቱ። ከዚህ የምንማረው፥ ዝና ደመወዝ ሳይሆን ብድር መሆኑን ነው። እነርሱ የተበደሩትን በሥራ ከፈሉ። የማይከፍል ግን ብዙ ነው፤ ዕዳውም የሚያርፈው በአበዳሪው ላይ ሳይሆን በልጁ ላይ ነው።

ታዲያ ለመደነቅ የሚገባውን ከማይገባው የምንለየው እንዴት ነው? ለዚህ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። እኔ በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርሁ ነኝ። እዚያ የመዝሙር መምህራችን አንድ ወር ያልተለማመድነውን መዝሙር በጉባኤ ፊት እንድንዘምረው አይፈቅዱልንም ነበር፤ እኛም እናጉረመርም ነበር። በኋላ ግን ይህ ሥርዓት ከባሕር ማዶ የመጣ ሳይሆን በገዛ አገራችን ከጥንት ጀምሮ የነበረ መሆኑን ተረዳሁ።

በዚህ በጋይንት ምድር ቤተልሔም አለች፤ የድጓ ምስክር ናት። እዚሁ በደቡብ ጎንደር ዙር አምባ አለች፤ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ናት። የቅዱስ ያሬድን ዜማ የሚማር ተማሪ ከየአገሩ ቁራሽ እየለመነ፥ ደበሎ ለብሶ፥ ግዕዝና ዕዝል አራራይንም ለይቶ እስኪያውቅ ድረስ ብዙ ዓመት ይማራል። በአገሩ ሳለ ድምፁ ያማረ ነው ቢባልም፥ ሕዝብ ቢያደንቀውም፥ ከምስክሩ ቦታ ደርሶ በመምህሩ ፊት ካላስመሰከረ መምህር አይባልም። ተመልከቱ፤ ምስክር የሚሆነው የሚያጨበጭበው ሕዝብ አይደለም፥ ዜማውን አሳምሮ የሚያውቀው መምህር ነው እንጂ። ሕዝቡም መስማትና መውደድ ይችላል፤ መመስከር ግን ዕውቀት ይጠይቃል።

ሌላው ፈተና የአዝማሪ ፈተና ነው። አዝማሪ ባለ አንድ ጭራ መሰንቆውን ይዞ ከሰው መካከል ይቀመጣል። አድማጩ ድንገት «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲሰጠው፥ ቃሉን ሳያዛባ፥ ቅኝቱን ሳይለቅ መቀበል አለበት። ያልቻለ እንደሆነ ያው እዚያው በፊቱ ይሳቅበታል። በስልክ ላይ በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ ሺህ ሰው አየው የሚባለው ባንድ ግን «ተቀበል!» የሚለው የለም። ጣቱን ነክቶ ያለፈው ሰው ሁሉ እንደ አድማጭ ይቆጠርለታል፤ ግማሹ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው አልሰማውም።

አሁን በራሴ ላይ ወደ ደረሰው ልምጣ። ይህን ስናገር ባፍርም፥ ሳልናገረው ብቀር ንግግሬ ከንቱ ይሆናል።

የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አራት ሆነን ባንድ አቋቋምን። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ኦርጋን ስለ ለመድሁ ኪቦርድ እመታለሁ፤ አንዱ ጓደኛዬ ጊታር፥ ሌላው ከበሮ ይዞ፥ አራተኛው ይዘፍን ነበር። የምናውቀው ሦስት ዘፈን ነው። እዚህ አርብ ገበያ በአንድ ዘመዳችን ሠርግ ላይ ሦስቱንም ተጫወትን፤ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፥ ያን ቀን ጥሩ ሆነልን። አንድ እንግዳ በስልኩ ቀርጾ በቲክቶክ ላይ አወጣው። በሳምንቱ ከነፋስ መውጫም፥ ከወገዳም፥ ከመካነ ኢየሱስም እየተደወለ «እናንተ ናችሁ ወይ?» ይሉን ጀመር። በመንገድ ስናልፍ «አርቲስት!» ይሉናል። እኛም አራተኛ ዘፈን ከማጥናታችን በፊት ስማችን የታተመበት ካናቴራ አሠራን።

ከዚያ ለአንድ ትልቅ ሠርግ ተጠራን። ሠርግ ደግሞ እንደምታውቁት እስከ ንጋት ነው። ሦስቱን ዘፈን ተጫወትን፤ ተጨበጨበልን። ደገምናቸው፤ ሰው ዝም አለ። ሽማግሌዎቹ ሽለላና ፉከራ፥ ሴቶቹ የሙሽራ ዘፈን እንድንጫወት ጠየቁን፤ አናውቅም። በሦስተኛው ጊዜ ስንጀምር ከዳሱ ጥግ ሳቅ ተሰማ። በዚህ መካከል መብራት ጠፋ፤ ኪቦርዴም ድምፁ ጠፍቶ እንደ ሣንቃ ሆነ። ያን ጊዜ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ጠላቸውን ይጠጡ የነበሩ አንድ አረጋዊ አዝማሪ መሰን቏ቸውን ከከረጢት አውጥተው ጭራውን ቃኙና ጀመሩ። ምንም ድምፅ ማጉያ ሳይኖር፥ የተጠየቁትን ሁሉ እየተቀበሉ፥ ሠርጉን እስኪነጋ ድረስ ይዘውት አደሩ። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፥ ሲይዙት ያደናግር» የሚለውን ተረት እኔ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዚያች ሌሊት ተማርሁት።

ሲነጋ ቀርቤ፥ «አባባ፥ ይቅርታ ያድርጉልን፤ እርስዎ እያሉ እኛ ተጠርተን» አልኋቸው። እርሳቸውም፥ «ልጄ፥ ጥፋቱ የናንተ አይደለም። ሊጡ ሳይቦካ የጋገረችው ናት እንጂ ጥፋተኛዋ፥ ሊጡማ ምን አደረገ? ብቻ አሁን ሂድና ቡካ» ብለው ሳቁ።

ነገሩ በሳቅ ባለቀ መልካም ነበር። ጊታር የሚመታው ጓደኛችን ግን ያ ቪዲዮ በወጣ ሰሞን ትምህርቱን አቁሞ ነበር። በትምህርቱ ከእኔ የሚበልጥ፥ በሒሳብ እኔን የሚያስጠናኝ ልጅ ነበር። ከዚያች ሌሊት በኋላ በኀፍረት ወደ ክፍል መመለስ አልቻለም፤ ዝናውን ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ዛሬ በቀን ሥራ ሲሚንቶ ይሸከማል፤ ጊታሩንም ሸጦታል። ባለፈው ወር በስልክ፥ «የ11ኛ ክፍል መጻሕፍትህ አሁንም አሉህ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። መጻሕፍቱን ልኬለታለሁ።

ጓደኞቼ ሆይ፥ እርሱን ያሳሳተው የስልኩ ጩኸት ብቻ ነው ብዬ ብናገር ውሸታም እሆናለሁ። በዚያ ሰሞን ትምህርቱን ልተው ወይስ ልቀጥል ብሎ ሲያማክረኝ፥ «አንተ እኮ አርቲስት ነህ፤ ትምህርት ምን ይሠራልሃል?» ያልሁት እኔ ነበርሁ። እኔም ከአበዳሪዎቹ አንዱ ነበርሁ፤ ያበደርሁትም የራሴን ያልሆነውን፥ የእርሱን ዕድሜ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። እኔ ግን ሲሮጥ አስታጠቅሁት፤ ሲፈታበትም አብሬው አልነበርሁም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን ልመለስ። አንዳንድ ሰው፥ «ጩኸት ከሌለ የገጠር ልጅ ሙዚቃ ማን ይሰማለታል? ባለጠጋ ዘመድ የለው፥ ቴአትር ቤት የለው» ይላል። ይህ እውነተኛ ክርክር ነው። መልሴም ይህ ነው፤ ጆሮ እንስጠው፥ ነገር ግን ማዕርግ አንስጠው። ጆሮ መስጠት ማለት ዘፈኑን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስማት ነው፤ እንደ ገናም መስማት ነው። ከዚያም በመድረክ ላይ፥ ያለ ማሳመሪያ፥ ሲጫወት ማየት ነው። ሌላ ሰው ሲያደንቅ የሰማን እንደሆነም፥ ይህ ሰው ሙዚቃውን ያውቃልን? ወይስ ሌላው ስላደነቀ ነው የሚያደንቀው? ብለን መጠየቅ ነው። በመጨረሻም አንድ ዓመት መቆየት ነው። በዓመቱ ሁለተኛ ሥራ ይዞ የመጣ፥ ከመጀመሪያውም የተሻለ የሆነ እንደሆነ፥ ያን ጊዜ እጃችን እስኪቀላ እናጨብጭብለት።

ለአዲሶቹ ተጫዋቾች ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። ካናቴራ ከማሠራታችሁ በፊት ሃያ ዘፈን አጥኑ። ከእነርሱም መብራት ቢጠፋ የምትጫወቱት ቢያንስ አምስት ይሁን። ትምህርታችሁንም አትልቀቁ፤ መሰንቆም ጊታርም ትምህርት የሚጠላ መሣሪያ አይደለም።

ንግግሬን የምፈጽመው በአንድ ልመና ነው። ከእኔ ቀጥሎ ወደዚህ መድረክ የሚወጡት የ9ኛ ክፍል ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ናቸው፤ ያቋቋሙት ባንድ ገና ሦስት ወሩ ነው። ተለማምደዋል፤ ሲለማመዱም በመስኮት ቆሜ ሰምቻቸዋለሁ። እባካችሁ ስልካችሁን ወደ ኪሳችሁ መልሱና እስከ መጨረሻው ስሟቸው። ደስ ካሰኟችሁ ከልባችሁ አጨብጭቡላቸው፤ ይህ የድካማቸው ዋጋ ነው። ነገ በመንገድ ስታገኟቸው ግን «አርቲስት» አትበሏቸው። በስማቸው ጥሯቸው፤ ከዚያም፥ «ለሚመጣው ዓመት ስንት አዲስ ዘፈን እያጠናችሁ ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው። እኛን እንዲህ ብሎ የጠየቀን አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ፥ በዛሬው በዓል ከዚህ ከፊት መስመር ላይ አንድ ተማሪ ባልጎደለ ነበር።